ስኳር ያለበት ሰው ሲከፋው

በቤታችን የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲኖር ምን እንደ በላና መድኃኒቱን መውሰዱን እንጠይቃለን። መንፈሱ እንዴት እንደ ሰነበተ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በአክስቴ ላይ ያየሁት ነገር ነው።

አክስቴ ከሐይቅ ከተማ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ በሚገኝ የአምባሰል ገጠር ይኖራሉ። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ብልቃጡን በርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ያኖሩታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰ ጊዜ መድኃኒቱን ፍለጋ በእግራቸው ያልተንከራተቱበት ቦታ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ግን እኒሁ ሴት መድኃኒቱ በቤታቸው እያለ አንድ ቀን ተወግተው አንድ ቀን ሲዘሉ አገኘኋቸው።

ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ከጓዳ አይወጡም። እንዝርታቸውን ከጣሉ ከወር በላይ ሆኗል። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም፤ እህልም አስጠልቷቸዋል። ቤተሰቡ «ስኳሩ አመል አወጣባቸው» ይላል። «እትዬ፣ መርፌውን ለምን ይዘላሉ?» ብላቸው፣ «ለማይለቅ በሽታ ምን አደከመኝ ልጄ? ለብቻዬ እህል፣ ለብቻዬ ወጥ፤ ለሰው ሸክም ሆንኩ» አሉኝ።

ይህ አመል ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ሐኪሞች ድብርት ይሉታል፤ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይም ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ይታያል። ሁለቱ ሕመሞች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። የከፋው ሰው መድኃኒቱንና ምግቡን ቸል ይላል፤ ስኳሩ ሲጨምር ድካሙ ይበረታል፤ ድካሙም ተስፋውን ይቀንሰዋል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 በካናዳ ነው። ከዚያ በፊት ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሕመምተኛ ዕድሜው አጭር ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለው ሰው መርፌውን ጨርሶ ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ ከአደጋ ላይ ይወድቃል።

አክስቴን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። በቅድሚያ ስኳራቸው ተለካ፤ ስኳር ሲያንስም ሰውን ያነጫንጫል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባልና። ከዚያም ምክርና የድብርት መድኃኒት ተጀመረላቸው። ይህ መድኃኒት ሳምንታት ካልቆየ ውጤቱ ስለማይታይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቤትም ለብቻ መቅረቡ ቀርቶ፣ ሽሮውም ጎመኑም ለእሳቸው በሚስማማ መጠን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል፤ ቡናውንም ሁሉም ያለ ስኳር ይጠጣል። አክስቴ ሙሉ በሙሉ ድነዋል ለማለት አልደፍርም፤ መርፌውን ግን አይዘሉም።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፤ ስኳር ያለበት ዘመዳችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከከፋው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ይወደው የነበረው ሥራ ከሰለቸው፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ንገሩ። መሞትን የሚመኝ ቃል ከተናገረ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከመርፌው ጋር ስለማይጣሉ፣ በእነሱ ምክንያት መድኃኒቱ አይቋረጥ። መድኃኒቱን መውሰዱን ስትጠይቁም፣ ምን እንደ ከፋው አብራችሁ ጠይቁት።