«አባዬ፣ አንተ ቅደም!»

እናንተዬ፣ በልጃችሁ ፍርሃት ስቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስቄያለሁ።

ወንዱ ልጄ ማታ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም። «አንተ ፈሪ! የማን ልጅ ነህ?» እያልኩ በእንግዳ ፊት ሳይቀር አሸማቅቀው ነበር። 10 ዓመት ሲሞላው ኬክና ሻማውን ትቼ፣ «ወንድ ላደርግህ ነው» ብዬ ከነእናቱ ከነእህቱ ሐረር ወሰድኩት። ጅብ በእጁ ሊያበላ!

መሸ። ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ካሉት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በመኪና መብራት ፊት፣ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ። በእነሱ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ አዛዧም እሷው ናት። አብላዩ በየስማቸው ጠራቸው። አጭር እንጨት ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ ለልጄ ሲሰጠው፣ ልጄ ወደኋላ ሸሸና «አባዬ፣ አንተ ቅደም» አለኝ።

ምን ይደረግ? ደረቴን ነፍቼ ተንበረከክሁ። ሰውዬው ሥጋውን ከጭንቅላቴ በላይ ከፍ ሲያደርገው አንዷ የፊት እግሮቿን ትከሻዬ ላይ ጣል! «እናቴ ድረሽ!» ብዬ ጮህኩላችሁ። ሚስቴ ሳቀች፤ ሴቷ ልጄ ሳቀች፤ ቱሪስቱ ሁሉ ሳቀ።

ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር። መጥቶ እጄን ያዘና፣ «አይዞህ አባዬ፣ እኔም እፈራለሁ» አለኝ።

ይህችን «አይዞህ» እኔ አንድ ቀን እንኳ ብዬው አላውቅም። በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዷን አበላን።

አሁን ማታ ማታ እስከ በሩ አብሬው እሄዳለሁ። ወላጆች፣ ፍርሃት ሲሰድቡት ይደበቃል እንጂ አይወጣም። «አይዞህ» ማለት ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም!