እንግዳው የጠየቁን ጥያቄ

እንደሚታወቀው ጎንደር እንግዳ አታጣም። በጥቅምት ወር የአንድ ሠልጣኝ ጓደኛችን አባት ከመተማ ቆላ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። እኛም «ጂኦግራፊ ተምረናል» ባዮች ነንና፣ አምስት ሆነን ከተማውን ልናስጎበኛቸው ተነሣን።

ከፋሲል ግቢ ጀመርን። አፄ ፋሲል ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻ እንዳደረጓት፣ ግቢውም በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንደ ገባ እየተቀባበልን አወራን። የጥምቀት በዓል የሚከበርበትን የፋሲል መዋኛ አሳየናቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ከጣራው ቁልቁል የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ካሳየን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ይኸው መሆኑን ነገርናቸው።

አባባ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ማታ ግን ብርዱ ጸናባቸው። የልጃቸውን ጋቢ ደርበው፣ «ልጆቼ፣ ይኼ አገር ከኛ አገር ይልቅ ከፍ ብሎ ለፀሐይ የቀረበ አይደለም እንዴ? ታዲያ እንዴት ይበርዳል?» አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን «ወይና ደጋ ስለሆነ ነው» አለ።

«እሱማ ስሙ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ምክንያቱን ነው» አሉ።

አፈርን። በማግሥቱ መምህራችንን ጠይቀን፣ መጽሐፍ ገልጠን ተረዳነው። ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና፣ የሁለትና የአራት ኪሎ ሜትር ከፍታ ለእርሷ ከቁጥር አይገባም። አየሩን በአብዛኛው የምታሞቀው በፀሐይ የጋለችው ምድር ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ አየሩ እየሳሳ ሙቀት መያዝ ያቅተዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል።

ይህን ስንነግራቸው አባባ ሳቁና፣ «እንግዲያው አየሩ ጋቢ ነዋ! ላይ ሲደርስ ይሳሳል» አሉ። ከእኛ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህች አንዲት ቃል ለተማሪ ትበቃለች።

ከዚያ ወዲህ አካባቢያችንን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። በመተማ ቆላ ሰሊጥና ጥጥ፣ በጎንደር ዙሪያ ጤፍ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ የሚዘራው በአፈሩና በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በዚሁ ጋቢ ውፍረትና ስስነት ነው። ከደባርቅ ወዲያ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ አለ። የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደን ነበር፤ የኋላ ልኬቶች ግን ወደ 4,550 ገደማ ዝቅ አድርገውታል። እንግዲህ ሽምደዳ እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ባዶ እጅ ያስቀራል። ምክንያቱን ያወቀ ግን አይቸገርም።

ባለፉት ዓመታት ወረርሽኙና ጦርነቱ ከሩቅ የሚመጣውን ጎብኚ ቀንሰውብናል። ቢሆንም የማይቀር አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም ተማሪያችን ነው። ነገ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ስንመደብ፣ ጠዋት በብርድ እጁን እያፍተለተለ «መምህር፣ ለምን ይበርዳል?» ይለናል። ኧረ ጓደኞች፣ ያን ጊዜ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብለን እንዳናልፈው!