ከነጥቧ በኋላ

ወይዘሮዋ የደወሉልኝ የይለፍ ቃል ጠፍቶባቸው ነበር። አዲስ አውጥቼላቸው፣ መግባታቸውን አረጋግጠን ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «የዘንድሮ ልጆች ግን ምን ነካቸው?» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«መጻፍ ሰልችቷቸዋል እኮ! 'ይድረስ ለ' ብሎ፣ ጉዳዩን ጽፎ፣ 'እንደምን ሰነበታችሁ' ብሎ ዝም። ከዚያ በኋላ አንዲት ዓረፍተ ነገር የለም። የትምህርት ወጪ ሸፍኑልኝ እያለ ለምን እንደሆነ መጻፍ ይታክተዋል?»

ሳቅን። አዎ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ድርጅቱ ለተማሪዎች የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ነው። እኛ የሠራንለት የማመልከቻ ፎርም ነበር፤ ትንሽ ሥራ፣ የሁለት ሳምንት። አመልካቹ ስሙን፣ ውጤቱን፣ ስልኩን ይሞላል። መጨረሻ ላይ «ይህን ዕድል ለምን እንደፈለጉ በራስዎ አባባል ይጻፉ» የሚል ሰፊ ሳጥን አለ። የተጻፈውን የኔ ፕሮግራም ይቀበልና አንድ ቅጂ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል፣ አንዱን ደግሞ በኢሜይል ለወይዘሮዋና ለሁለት ባልደረቦቻቸው ይልካል። እነሱ ኢሜይሉን አትመው፣ እስክሪብቶ ይዘው ያነባሉ። ዳታቤዙን ከፍቶ የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ኢሜይሉን የሚልከው ሴንድሜይል የሚባል ትእዛዝ ነው። ለማታውቁት፦ መስኮት የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው፣ ከኮማንድ ላይን ስሙን ትጠሩትና ደብዳቤውን ታጎርሱታላችሁ። እሱ ተቀብሎ መንገዱን ይፈልግለታል። መጀመሪያ የጻፈው ኤሪክ ኦልማን ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ። የሚገርመው ግን የእኛ ሰርቨር ላይ የኦልማን ፕሮግራም ጭራሽ የለም። ያለው ፖስትፊክስ ነው፤ ቪትሴ ቬኔማ አይቢኤም ውስጥ ሳለ የጻፈውና በ1998 የወጣ። ፖስትፊክስም ሆነ ኤግዚም ሲጫኑ ሴንድሜይል የሚባል ትእዛዝ አብረው ያስቀምጣሉ፤ የድሮውን ስም የሚጠሩ ፕሮግራሞች ስፍር ቁጥር ስለሌላቸው እንዳይሰበሩ። ሱቁ ተሽጦ ታፔላው እንደቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ታፔላው ሲቀር የድሮው አመልም አብሮ ይቀራል።

ያን ቀን ማታ የወይዘሮዋ ንግግር አልለቀኝ አለ። አንድ ልጅ ሊሰንፍ ይችላል። ሁለትም ሊሰንፉ ይችላሉ። ግን ሰው ሲሰንፍ ሁሉም እንዴት ሰላምታው ላይ ብቻ ያቆማል? ላፕቶፔን ከፍቼ ዳታቤዙ ውስጥ ገባሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ከወልድያ አካባቢ የጻፈች ልጅ ማመልከቻ ነው። በኢሜይል የሄደው ሦስት መስመር ነው፦ ይድረስ፣ ጉዳዩ፣ ሰላምታ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው አራት ረጃጅም አንቀጽ ነው። የጻፈችውን እዚህ አልገለብጠውም፤ የእሷ ነው። የመምህሯን ስልክ ተውሳ በሁለት ምሽት እንደጻፈችው ትናገራለች፣ ይህን ብቻ ልንገራችሁ። በአንቀጾቹ መሀል ደግሞ እንዲህ የምትመስል መስመር አለች፦

.

አንዲት ነጥብ፣ ለብቻዋ። ፌስቡክ ላይ ረጅም ነገር የሚለጥፉ ሰዎች የሚያደርጉትን ታውቁታላችሁ፤ አንቀጾቹ እንዳይጣበቁባቸው ባዶ መስመሩ ላይ ነጥብ ያስቀምጣሉ። እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ኢሜይሉ የተቆረጠው የመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ነበር።

ተርሚናሉን ከፈትኩና በእጄ ሞከርኩት። ሴንድሜይል፣ ሰረዝ ቲ፣ ኢንተር። ሰረዝ ቲ ማለት «ለማን እንደሚሄድ ከደብዳቤው ራስጌ ላይ ራስህ አንብብ» ማለት ነው። የራሴን አድራሻ ጻፍኩ፣ ርእስ ጻፍኩ፣ አንድ መስመር ዘለልኩ። «ሰላም ነው?» አልኩት። ቀጥዬ ነጥብ ብቻ ጽፌ ኢንተር ስጫን ወደ ትእዛዝ መቀበያው ተመለሰ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። ለእሱ ደብዳቤው አልቋል።

ይህ ብልሽት አይደለም። በታይፕ መሰል ማሽን ከኮምፒውተር ጋር ይወራ በነበረበት ዘመን፣ ሰው ጽፎ ሲያበቃ «ጨርሻለሁ» የሚልበት ምልክት ያስፈልገው ነበር። የኬን ቶምሰን ኢዲ የተባለው የዩኒክስ መጻፊያ ምልክቱን ነጥብ አደረገው፤ በመስመሩ ላይ ብቻዋን ያለች ነጥብ። ማን ብሎ ነጥብ ብቻውን ይጽፋል? ጆን ፖስቴልም በነሐሴ 1982 (በፈረንጆቹ) ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበትን ደንብ ሲጽፍ የደብዳቤው መጨረሻ ያችው ነጥብ ሆነች። ፖስቴል ግን «ማን ይጽፋታል» ብሎ አልተዋትም። በነጥብ የሚጀምር መስመር ካለ ላኪው አንድ ነጥብ ይጨምርበታል፣ ተቀባዩ ያችን ትርፍ ነጥብ ያነሳል። ስለዚህ ነጥቧ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስትጓዝ ምንም አትሆንም፤ አሜሪካ ደርሳ ብትመለስ እንኳ። አደጋው ከዚያ በፊት ነው፣ ደብዳቤው ከኔ ፕሮግራም እጅ ወደ ሴንድሜይል እጅ በሚያልፍባት አንድ እርምጃ ላይ። እዚያ ነጥብ የሚጨምር ማንም የለም።

(የሚያናድደው ደግሞ አራት ነጥብ ብታስቀምጥ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነጥብ ብቻ ነው።)

መድኃኒቱ ሰረዝ አይ ናት። ትእዛዙ ላይ ከተጨመረች «ነጥብ ብቻዋን ብታይ እንዳታቆም፣ እስከ መጨረሻው አንብብ» ማለት ናት። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ፎርሙን ከኔ በፊት የሠራው ልጅ በፒኤችፒ ነበር የጻፈው። ፒኤችፒ ኢሜይል ሲልክ፣ ካልቀየራችሁበት በስተቀር፣ ሴንድሜይልን የሚጠራው በሰረዝ ቲ እና በሰረዝ አይ ነው። እኔ በፓይተን ስጽፈው ያንን መስመር ገለበጥኩና አየሁት። ሰረዝ ቲን አውቃታለሁ። ሰረዝ አይን አላውቃትም። ሰነዱን ከፍቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላየሁም። «ይቺ ደግሞ የድሮ ሰው ልማድ ናት» ብዬ ሰረዟን ሰረዝኳት። ኮዱን ማጽዳቴ ነበር። በጊዜው ስለ ንጹሕ ኮድ ብዙ የማወራ ሰው ነበርኩ።

ፕሮግራሜ የመላኩን ውጤት ይመረምር ነበር፣ ይህን ለራሴ ልመስክር። ሊኑክስ ላይ አንድ ትእዛዝ ሲያልቅ ቁጥር ይመልሳል፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ ችግር አለ። ዜሮ ካልሆነ ለኔ መልእክት እንዲመጣልኝ አድርጌ ነበር። አንድም ቀን አልመጣም። ሴንድሜይል አልዋሸኝም፤ እስከ ነጥቧ ያለውን ተቀብሏል፣ ልኳል፣ ደርሷል። ስላልሰማው ነገር ምን ብሎ ይነግረኛል?

ልጅ ሆኜ እናቴ ቤይሩት ለነበረችው አክስቴ ደብዳቤ ታጽፈኝ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ደብዳቤው የሚሄደው በሰው እጅ ነው፣ የሚሄድ ሰው ሲገኝ። ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ኳስ ሜዳ ልጆች ይጠብቁኛል፣ ስለዚህ አንዳንዱን ጎረቤት እዘላለሁ። ጽፌ ስጨርስ «በል እስቲ ያልኩህን መልሰህ አንብብልኝ» ትላለች። ሳነብ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። የዘለልኩት ሰው ጋ ስደርስ «እገሊትስ?» ትለኛለች። አንድም ቀን አላመለጥኳትም። ቆይቼ ብልጥ ሆንኩና ያልጻፍኩትን ጭምር እንደጻፍኩ አስመስዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይህንን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ያን ሌሊት ሁሉንም ማመልከቻዎች ፈተሽኩ። በሁለት ዙር ከመጡት ውስጥ ሰባቱ ነጥብ ነበራቸው። ሰባቱም ተቆርጠዋል። ከሰባቱ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ የለም። ሰረዝ አይን መልሼ ሳስገባ ሁለት ሴኮንድ አልፈጀብኝም፣ ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኩት። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው።

«አስተካክለኸዋል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እና?»

«ሰባት ልጆች ናቸው እኮ።»

«ዙሩ አልቋል። ብሩ ተከፋፍሏል። አሁን ብትነግራቸው ደንበኛው ይደነግጥብናል፣ ልጆቹም በማይመለስ ነገር ይቃጠላሉ። ማንን ልትጠቅም ነው?»

ስለ ደንበኛው ያለው አላሳሰበኝም። ስለ ልጆቹ ያለው ግን ያዘኝ። እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው ሞክሬ አልተሳካልኝም ብሎ መኖር ይችላል፤ ማንም ሳያነበኝ ነው የተጣልኩት ብሎ መኖር ግን ሌላ ነው። በዚህ ሐሳብ ተከልዬ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ለልጆቹ አዝኜ ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ወይዘሮዋ በሌላ ጉዳይ ደወሉና ስልኩን ሳላነሳው ቀረሁ፤ ድምፃቸውን መስማት ፈርቼ። ያኔ ለማን እያዘንኩ እንደሆነ ገባኝ።

መልሼ ደወልኩ። ስለ ፖስቴልም ስለ ኦልማንም አላወራሁም። «ልጆቹ ጽፈው ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «የወልድያዋን አስታውሳታለሁ። 'ያልተሟላ' ብዬ የጻፍኩባት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁኑኑ ላክልኝ፣ ልጄ። ሙሉውን።»

በፕሮግራሜ አልላክሁትም። ተርሚናል ከፍቼ ሰባቱንም አንድ በአንድ በእጄ ላክኋቸው፣ ሰረዝ ቲ፣ ሰረዝ አይ። ወረፋውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሎጉን አየሁ፤ ሰባቱም ተልከዋል ይላል። አላመንኩትም። ደወልኩና የእያንዳንዱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በስልክ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። አነበቡልኝ። አምስተኛው ላይ ትንሽ ቆም ብለው ውኃ ጠጡ።

ያለፈው ዙር አልተከፈተም፤ ሊከፈትም አይችልም ነበር። ሰባቱ በሚቀጥለው ዙር በቀጥታ ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ ተወሰነ። አለቃዬ አንድ ሳምንት ያህል ምሳ ለብቻው በላ፣ ከዚያ ተወው። ውሉም አልፈረሰም።

ለልጆቹ ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈላቸው። እኔም በበኩሌ እንድጽፍ ወይዘሮዋን አስፈቀድኩ። ለወልድያዋ ልጅ የጻፍኩት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሴንድሜይል አስረዳሁ፤ ሳነበው ይቅርታ ሳይሆን መከላከያ ሆኖ አገኘሁት። አጠፋሁት። የቀረው አምስት መስመር ነው፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳደረገው፣ ጽሑፏን እኔም ወይዘሮዋም ሙሉውን እንዳነበብን።

መልሷ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ገብታለች፤ ለቃለ መጠይቁ መምጣት አለመምጣቷን ገና አልወሰነችም። ስትወድቅ መምህሯ ከሷ በላይ እንደተናደዱ፣ ስልካቸውን ያዋሷት እሳቸው እንደሆኑ ጻፈች። ነጥቦቹን ያስገባችውም በእሳቸው ምክር ነው፤ «የሚያነበው ሰው እንዳይታክተው አየር ስጪው» ብለዋት። አልተቆጣችም። ደስም አላላትም። «ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ» አለች፣ አንቱ ብላ። እኔ እኮ የሷን ታላቅ ወንድም ብሆን ነው።

በአንቀጾቹ መሀል አሁንም ነጥብ ነበር። ከመጨረሻዋ ነጥብ በታች አንድ ጥያቄ አለ፦ ፎርሙ አሁን ይሠራል ወይ? ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ሊሞላ ነው።

ፎርሙን ከፍቼ በራሴ ስም ሞላሁት። በየመስመሩ ነጥብ እያስገባሁ ረጅም ነገር ጻፍኩበት፤ ለወይዘሮዋ ቀደም ብዬ «አንድ የሙከራ ማመልከቻ ይመጣል፣ አይደንግጡ» ብያቸው ነበር። ማታ ደወሉልኝና ሙሉውን በስልክ አነበቡልኝ። ከዚያ ለልጅቷ «አዎ፣ ይሙላ» ብዬ መለስኩላት።