ስለ ክሬዎን ዘግይቶ መመለስ

የአቴናው ባለቅኔ ሶፎክሊስ አንቲጎኔ የተባለውን ቴአትር ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ነው። መጽሐፉን በጐልማሳነቴ ባነበብሁት ጊዜ ያዘንሁት ለልጅቱ ብቻ ነበር፤ ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ደግሜ ባነበው ግን ዓይኔ ከንጉሡ ከክሬዎን ላይ አልነሣ አለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማች በቴቤስ ዙፋን ተጣልተው በአንድ ቀን ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን በነገሠ ጊዜ፤ ለከተማይቱ የተዋጋው በክብር እንዲቀበር፤ የውጭ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኒኪስ ግን ለውሻና ለአሞራ እንዲጣል አዋጅ ነገረ። እኅታቸው አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ አፈር አለበሰችው።

ክሬዎን በመጀመሪያ ክፉ ሰው አይመስልም። ከአገሩ ወዳጁን የሚያስበልጥ ሰው ከንቱ ነው ይላል፤ ይህም ከማንም ሹም አፍ ቢወጣ የሚመሰገን ቃል ነው። ትእዛዙ በተጣሰ ጊዜ ግን ሕግ ይል የነበረው ሰው ቀስ በቀስ እኔ ማለት ይጀምራል። ዘበኛውን በጉቦ ይጠረጥረዋል፤ በሴት አልሸነፍም ይላል። የልጅቱ እጮኛ የሆነው የገዛ ልጁ ሄሞን በአክብሮት ቀርቦ፤ ሕዝቡ በስውር እንደሚያዝንላት ቢነግረው፤ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማርን ብሎ ይቆጣል።

ከዚህ ስፍራ በደረስሁ ጊዜ መጽሐፉን አጠፍሁት። ታናሽ ልጄን ስለ ገንዘብ ነገር ከቤቴ ባስወጣሁት ጊዜ፤ የበኵር ልጄ ሊያማልድ መጥቶ ነበር፤ እኔም ይህንኑ ቃል ተናግሬ መለስሁት።

ዕውሩ ነቢይ ቴሬስያስ ይመጣል፤ እርሱም በጉቦ ይሰደባል። ነገር ግን የልጁን ሞት በነገረው ጊዜ ክሬዎን ይደነግጣል፤ ሲያዝዝ የኖረውም ሰው ምን ላድርግ ብሎ ሽማግሎቹን ይጠይቃል። አስቀድመህ ልጅቱን ከዋሻው አውጣ፤ ከዚያም ለሙታኑ መቃብር ሥራ ይሉታል። እሺ ብሎ ይነሣል፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ የሄደው ወደ ሬሳው ነው። ሬሳውን አጥቦ፤ አቃጥሎ፤ አፈር ከምሮ ወደ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ታንቃ ሞታለች። ሄሞን በአባቱ ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ በሳተውም ጊዜ ራሱን ወጋ። አርስጣጣሊስ ይህን የሰይፍ መምዘዝ ነቅፎታል፤ ታስቦ ያልተፈጸመ ነገር ነውና። እኔ ግን አባት ልጁን ምን እንዳደረገው የሚያይበት ሌላ ስፍራ አላገኘሁም። ንግሥቲቱም ወሬውን ሰምታ ባልዋን እየረገመች ራስዋን ገደለች።

ሰውን ሁሉ በገንዘብ ሲጠረጥር የዋለው ንጉሥ ሲመሽ ማንንም አይከስም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ይላል። አስቀድሞ የመለሰው ፍርሃት እንጂ ማስተዋል አልነበረም፤ ማስተዋሉ የመጣው ከኀዘኑ ጋር ነው።

ስለምን ወደ ሬሳው ቀደመ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሬሳ ፊት ለፊት አይመለከትም፤ ይቅር በለኝ የሚሉትም ሕያውን ነው። እኔም ልቤ በተመለሰ ጊዜ፤ አስቀድሜ ልጄ በስሜ የተበደረውን ገንዘብ ለአበዳሪው ከፈልሁ፤ ልጁን የሚፈልግ ሰው የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው። መልክተኛው ከተከራየበት ቤት ሲደርስ፤ ልጁ በዚያው ሳምንት ወደ ሩቅ አገር መሄዱን ነገሩት። ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፤ ስለ ገንዘቡ ግን ምንም አላነሣሁበትም።