ዓርብ የማይጠፋው ፓምፕ

ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተማርኩ። አሁን በ2016 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የአፉላ ባቡር ጣቢያ ተሳፍሬ ሐይፋ፣ ቂሾን ወደብ፣ የትናንሽ ጀልባዎችን ሽቦ እዘረጋለሁ።

ጣና ዳር ያደጉ አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ዓርብ ሁሉም በአንድ ማጥፊያ ይጥፋልኝ» አሉኝ። ገባኝ፤ በአገር ቤት እሳቱ ሰንበት ሳይገባ ይጠፋ ነበር። ግን ጀልባ ሰው በሌለበት ውሃ ከገባባት ትሰጥማለች።

«ጋሼ፣ መብራቱና ሬዲዮው ይጥፋ። የፓምፑ ሽቦ ግን ከዋናው ማጥፊያ በፊት፣ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፤ ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ አለው። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ራሱ ያስነሣዋል።»

«የሰው እጅ አይነካውም?»

«አይነካውም።»

«እንግዲያው ይሁን» አሉ።

ጀልባ ያላችሁ፣ ዓርብ ከመሄዳችሁ በፊት ተንሳፋፊውን በእጅ ከፍ አድርጋችሁ ፓምፑ መነሣቱን አረጋግጡ። ሰንበት ሰላም!