አህያዋ የቆመችበት ድልድይ

አህያዋ ድልድዩ መሐል ስትደርስ ቀጥ አለች። ግራና ቀኝ ጆንያ ተጭናለች፤ ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማለች። ከኋላዋ ሌሎች ሦስት አህዮች፣ ከአህዮቹ ኋላ ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ዶሮ በብብቱ የያዘ ልጅ፣ ከሁሉም ኋላ እኔ። መንገዱ ጠባብ ነውና ቀድሞ ማለፍ አይቻልም። ባለቤቷ ግን አርጩሜውን አላነሳባትም። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች፤ ጉርምርምታውን ትሰማና ትሄዳለች» አለኝ፣ ስለ ቤተሰቡ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ። ማንም አላጉረመረመም። ሁላችንም አብረናት ሰማን። ከእግራችን በታች አባይ በጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል፤ ድምፁ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጫማ ሶል በኩልም ይመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጢስ አባይ ከተማ ወርጃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ብዙ ሰው ወደዚህ የሚመጣው የጢስ አባይን ፏፏቴ ሊያይ ነው፤ እኔም የወጣሁት ለዚያ ነበር። ቀኑን የወሰደብኝ ግን ድልድዩ ሆነ።

ስሙ አላታ ነው። ጎብኚ የሚያመላልሱት «የፖርቹጋል ድልድይ» ይሉታል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት ክረምት በገባ ቁጥር አባይ ጎጃምን ከበጌምድር ይለያቸው ነበር፤ ሠራዊትም ይሁን ነጋዴ ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ይለዋል። የካቶሊክ ሚስዮናውያን የነበሩት ኢየሱሳውያን እንደጻፉት ግንበኛው ከፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ሰው ነው። ንድፉን እሱ ያምጣው እንጂ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ሸክሙን በዚያ ገደል በትከሻው ያወረደው የአገሩ ሰው ለመሆኑ አልጠራጠርም። ስለዚህ «የፖርቹጋል» የሚለው ስም አይጥመኝም። አላታ ይበቃዋል።

ንጉሡ በሃይማኖት ምክንያት አገር ታውኮባቸው እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። በእነሱ ዘመን የቆመው ድልድይ ግን አልፈረሰም፤ ያባረራቸውም የተባረሩትም የሚፈልጉት ነገር ነበርና። ከዚያ ወዲህ በላዩ ያለፈውን ሰውና ከብት ማን ይቆጥረዋል?

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ወደ ዳር ወጥቼ ቀረሁ። ድንጋዮቹን ማየት ፈልጌ ነው። መሐል መሐሉ በሰኮናና በእግር ተልጎ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል፤ ዳር ዳሩ ግን ሻካራ ነው፤ ሰው ወደ ገደሉ መጠጋት ስለሚፈራ ብዙ አልተረገጠም። የአራት መቶ ዓመት ፍርሃት እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ወረድ ብዬ ከጎን ሳየው ከትልቁ ቅስት አጠገብ ትናንሽ ቅስቶች አሉ። በበጋ ሥራ ፈት ይመስላሉ። ወንዙ ሲሞላ ግን ጎርፉ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ ባይኖሩ ኖሮ ጉልበቱ ሁሉ በግንቡ ላይ ባረፈ ነበር። ያሠራው ሰው የክረምቱን አባይ በዓይኑ አይቶት ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር አስጨነቀኝ። በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት የሾላ ችግኝ በቅላለች፤ ቁመቷ ከክንድ አይበልጥም። ቅጠሏ ታምራለች። ሥሯ ግን ኖራውን እየፈለፈለ የሚሄድ ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ቢመጣና እንዲህ ያለውን ችግኝ በእጁ ቢነቅል፣ ዶማም በጀትም አያስፈልግም። እኔ ልነቅላት ሞክሬ ግንዷ ተቆረጠ፤ ሥሯ ውስጥ ቀረ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት ትንፋሽ ይጠይቃል። ጥቅምት ስለሆነ ኑጉ አብቧል፤ ከቢጫው አልፎ ዳጉሳ፣ ከዳጉሳው አልፎ ጤፍ። በመንገዱ ዳር ቅል የሚሸጡ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዷ ትንሽ ቅል ላይ በሹል ነገር ዓሣ ቀርጻለች፤ ዓሣው ሽፋሽፍት አለው። «ዓሣ ሽፋሽፍት አለው እንዴ?» ስላት «ጋሼ፣ ይኼኛው አለው» አለችኝ። ቅሏን ገዛኋት። ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ናት።

ፏፏቴው ዳገቱ ሲያልቅ በድንገት ይታያል። ከመታየቱ በፊት ፊት ላይ የሚያርፈው እርጥበት ይቀድማል። 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከሥሩ የሚነሳው ጉም ስሙን የሰጠው ጢስ ነው። ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ከውሃው መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ተቀመጥኩ ብሎ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህ ሐሰት ነው አለ። እኔ ከሎቦ ጋር ነኝ። ብሩስ ያየው ወንዙ ገና በሞላበት ወቅት ነው፤ ውሃው ሲጎድል ወደ ዓለቱ መጠጋት ይቻላል።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህንን ፏፏቴ ሳያየው ያውቀዋል። የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር፤ ፊቱ ላይ ልጅ፣ ጀርባው ላይ ጢስ አባይና ወፎች። በየኪሳችን ይዘነው ዞረናል። ብሩ ላይ ያለው ሙሉ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ከዓለቱ ስፋት ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ አባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ ተርባይን መትቶ ከፏፏቴው በታች ይመለሳል። በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና ሐይቅ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል፤ ያ ውሃ አባይን የሚያገኘው እታች፣ ወደ ሱዳን ድንበር በተጠጋ ቆላ ነው። ጢስ አባይን አያያትም።

መብራት አልጠላም። እናቴ ዓይኗን ያደከመችው በኩራዝ ጭስ ነው። ነገር ግን ፏፏቴውም ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ቢያንስ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰው ሊያየው በሚመጣበት ጊዜ፣ ቅል የምትሸጠዋ ልጅም እንጀራዋ እሱ ነውና።

የተመለስኩት በሌላ መንገድ፣ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሬ ነው። እዚያ ላይ አባይ ዝም ያለ ነው፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ የሚደርስበትን የሚያውቅ አይመስልም። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ጎናችን አለፈ። የደንገል ታንኳ ወራት አገልግሎ ውሃ ሲጠጣ ይጣልና አዲስ ይታሰራል፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ሙያው አይረሳም። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ፈረንጆች ሰማያዊ፣ እኛ ጥቁር አባይ እንለዋለን። በዚያ ቀን መልኩ ወተት የገባበት ሻይ ነበር፤ የጎንደርም የጎጃምም አፈር አለበት።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2016 ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ መኪናው በሰፊው ይመላለስበታል። ደስ ይላል። ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ግን አህያዋን ነው። እሷ አሁንም የምትሻገረው በአላታ ነው፤ ገበያዋ በዚያ በኩል ነዋ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ፎቶ ለመነሳት መሐሉን አትዝጉ። ዳር ቁሙና ገበያተኛው ይለፍ። በግንቡ ውስጥ የሾላ ችግኝ ካያችሁም ከሥሯ ንቀሉልኝ።