ባሮ ይሞላል፣ መርከብ ግን የለም

«ጋምቤላ ልንሄድ ነው» ስንል የሰማነው መልስ ሁለት ነው፤ «ሙቀቱን አትችሉትም» እና «የወባ መድኃኒት ያዙ»። ስለ ወደብ ያነሳልን ሰው አልነበረም።

ጎሬን አልፎ የኢሉባቦሯ ቡሬ ላይ ሲደረስ ደጋው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ ጃኬት ወለቀ፣ ሌላው ላይ ሹራብ። ታች ስንደርስ የቀረን ቲሸርትና ላብ ነው።

ባሮ ሰፊ ነው፤ ደፍርሶ ዝም ብሎ ይወርዳል። ዳሩ ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ ይሸጣል። ወደብ የሚያስመስለው ነገር ግን የለም።

ነበር እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ አባይ፣ ከዚያ በሶባት አድርገው ይደርሳሉ። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ከደጋው በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ነበርና፣ በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «አባባ፣ እዚህ መርከብ ይመጣ ነበር አሉ?» አልናቸው። አባታቸው ከመርከብ ጨው ያወርዱ እንደነበር አጫወቱን። ከዚያ እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘረጉና «አሁን ከዚያ የሚመጣው ሰው ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ደቡብ ሱዳን በ2013 መጨረሻ ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን አስጠልሏል። ለኑዌርና ለአኙዋ ደግሞ ማዶው ባዕድ አገር አይደለም፤ ዘመድ ያለበት ነው። እኛ «ጠረፍ» የምንለው ለእነሱ መሐል ነው።

ሰሞኑን ሁላችንም ስለ ባሕር በር እናወራለን። ባሮ አሰብን ይተካል የሚል የለም፤ መርከብ የሚችለው በክረምት ብቻ ነው። ግን ውኃው ዛሬም በየዓመቱ ይሞላል። ንግዱ ፊቱን ወደ መኪና መንገድ አዞረ፤ ታች ያሉት አገሮች ደግሞ በጦርነት ላይ ጦርነት ተደራረበባቸው፤ ካርቱም ራሷ ከ2023 ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆነች። ስለዚህ ስለ በር ስናወራ ስለ ጎረቤትም እናውራ። ማዶው ሲቃጠል በሩ ቢከፈት ማን ይገባበታል?